ለመዝናኛ ጀልባችሁ የቱ ይሻላል፦ የስቴት ታርጋ ወይስ የፌዴራል ሰነድ?

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለች ጀልባ ለመግዛት ተነሳን። ሻጩ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ግቢው ጥግ ላይ በተጎታች አስቀምጧታል። ርዝመቷ 25 ጫማ ነው፤ ሞተሯ ከውስጥ ነው፤ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚያድርባት ጠባብ ክፍልም አለቻት። በዋጋ ተስማምተን ልንጨባበጥ ስንል ሰውየው «ስቴት ላይ ነው የምታስመዘግቧት ወይስ ኮስት ጋርድ ጋር ዶክመንት ታስደርጓታላችሁ?» አለን። ሦስታችንም ተያየን። መኪና ገዝተን እናውቃለን፤ የመኪና መንገዱ አንድ ነው። ጀልባ ሁለት መንገድ እንዳላት የሰማነው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያጣራነውን ነው እዚህ የማካፍላችሁ። የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይም ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ለራሱ መዝናኛ ጀልባ ለሚገዛ ሰው ነው። ሰው ጭናችሁ ልታስከፍሉ ወይም ዓሣ አጥምዳችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ ሕጉ ሌላ ነው።

ሁለቱ መንገዶች

አገር ቤት መኪና የነበረው ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የስቴት ምዝገባ ማለት ታርጋና ቦሎ ነው። ስቴቱ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ቁጥሩን ጀልባው ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ጊዜው ሲያልፍ አሳድሳችሁ አዲስ ስቲከር ትቀበላላችሁ። ብዙ ስቴቶች እዚህ ታይትል የሚሉትን ሊብሬም ይሰጣሉ። ይህ አሠራር በ1958 በወጣ የፌዴራል የጀልባ ሕግ የተጀመረ ስለሆነ፣ ክፍያው ከስቴት ስቴት ቢለያይም የቁጥሩ አጻጻፍ በመላው አገሪቱ አንድ ዓይነት ነው።

የፌዴራል ሰነዱ ደግሞ ወደ ፓስፖርት ይጠጋል። ጀልባው አሜሪካዊ መሆኑን ለውጭ አገር ሳይቀር የሚመሰክር ወረቀት ነው። የሚሰጠው ኮስት ጋርድ፣ ማለትም የፌዴራሉ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ነው፤ ማዕከሉ ያለው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ፎሊንግ ወተርስ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ዕድሜው ረጅም ነው፤ መነሻው የመጀመሪያው ኮንግረስ በ1789 ካወጣቸው ሕጎች 11ኛው ነው። ለነጋዴ መርከብ ታስቦ የወጣ ሕግ በመሆኑ ዛሬም ስለ እሁድ መዝናኛ ሲያወራ ቋንቋው የመርከብ ነው።

ሁለቱንም መተው አይቻልም። የፌዴራል ሰነድ የሌለው ባለሞተር ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ በሚንቀሳቀስበት ስቴት መመዝገብ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞተር በሚለው ቃል ላይ ነው። በባትሪ የምትሠራው ትንሿም ሞተር ናት፤ በአየር የሚነፋ ጀልባ ገዝቶ ኋላው ላይ እሷን ያሰረ ሰው ሳይመዘገብ ከወጣ ያለ ታርጋ እየነዳ ነው። ጄት ስኪም የሚቆጠረው እንደ ጀልባ ነው። መቅዘፊያ ብቻ ያላቸውን ታንኳና ካያክ የፌዴራሉ ሕግ አይነካቸውም፤ ስቴቶች ግን ይለያያሉ። ሜሪላንድ አትጠይቅም፣ ሚኔሶታ ግን ከ10 ጫማ በላይ የሆነ ካያክ ሳይቀር ይመዝገብ ትላለች። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲቀዝፍ ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ መሳቁ አይቀርም።

መጀመሪያ ዜግነት፣ ቀጥሎ ቶን

ሰው ሲያወዳድር ከዋጋ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ከዜግነት እጀምራለሁ፤ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚቆርጠው እሱ ነውና። የፌዴራል ሰነድ ለማግኘት ጀልባው ሙሉ በሙሉ የአሜሪካ ዜጎች ንብረት መሆን አለበት። ግሪን ካርድ አይበቃም። ለሦስት አዋጥታችሁ ከገዛችሁና አንዳችሁ ዜግነት ካልወሰደ፣ የሁለታችሁ ፓስፖርት ሦስተኛውን አይሸከመውም። የኛም ጉዳይ የተቋጨው እዚሁ ላይ ነው፤ አንዱ ጓደኛችን ገና የዜግነት ቃለ መጠይቁን እየጠበቀ ነበር። «ስሙን ከወረቀቱ እናውጣና በቃል እንስማማ» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ እኔ አልወደድኩትም። ገንዘቡን ያዋጣ ሰው ስሙ ወረቀት ላይ ከሌለ ጀልባዋ ስትሸጥ ወይም ሰው ሲሞት የሚከተለው ጣጣ ሰነዱ ከሚያመጣው ጥቅም ይበልጣል። በዚያ ላይ ማመልከቻውን የምትፈርሙት ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ ባለቤት ደብቆ መፈረም ቀልድ አይደለም። የስቴት ምዝገባ ግን ዜግነት አይጠይቅም።

ሁለተኛው ወንፊት መጠን ነው። ጀልባው ቢያንስ 5 የተጣራ ቶን መሆን አለበት። ቶን ሲባል ክብደት እንዳይመስላችሁ፤ የይዘት ልክ ነው፣ 100 ኪዩቢክ ጫማ እንደ አንድ ቶን ይቆጠራል። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ሚዛን ሳይሆን ሜትር ነው። ኮስት ጋርድ የሚቀበለው ቀላል ስሌት አለ። ርዝመቱን በወርዱ፣ ያንን ደግሞ በቀፎው፣ ማለትም በጀልባው ገላ፣ ጥልቀት ታባዛላችሁ፤ ለሞተር ጀልባ ውጤቱን በ0.67 አባዝታችሁ ለ100 ታካፍላላችሁ። ይህ ጠቅላላ ቶን ነው። ሞተሩ ከቀፎው ውስጥ ከሆነ የተጣራው የጠቅላላው 80 በመቶ ነው፤ ሞተሩ ኋላ ላይ በውጭ የተንጠለጠለ ከሆነ ተቀናሽ የለም። ባለ ሸራ ከሆነ በ0.67 ፈንታ 0.5 ትወስዳላችሁ፣ የተጣራውም 90 በመቶ ይሆናል።

የኛን እንያት። ርዝመቷ 25፣ ወርዷ 8.5፣ ጥልቀቷ 4.5 ጫማ ነው። ሲባዛ 956 ይመጣል፤ ጠቅላላ ቶኗ 6.4፣ የተጣራው 5.1። ለጥቂት አለፈች! ርዝመቷ 20፣ ወርዷ 8፣ ጥልቀቷ 3.5 ጫማ የሆነና ሞተሯ ከውጭ የተንጠለጠለ ጀልባ ግን 3.75 ላይ ትቀራለች፤ ባለቤቷ የፈለገውን ያህል ዜጋ ቢሆን የፌዴራል ሰነድ አታገኝም። ጥልቀት የሚባለው የቀፎው ቁመት እንጂ ውሃው ውስጥ የምትገባው ልክ አለመሆኑን ልብ በሉ፤ እኛ መጀመሪያ የለካነው ያንን ነበርና 5 ቶን አልሞላ ብሎን ነበር። በግርድፉ፣ ከ25 ጫማ በላይ የሆኑት አብዛኞቹ ያልፋሉ።

ፊት ላይ የሚለጠፈው፣ ኋላ ላይ የሚጻፈው

በዓይን የሚታየው ልዩነት ምልክቱ ላይ ነው። የስቴት ቁጥር የሚለጠፈው በጀልባው የፊት ግማሽ ላይ፣ በግራም በቀኝም ጎን ነው። ፊደሉ ቀጥ ያለና ያልተቀናጣ፣ ቁመቱ ከ3 ኢንች የማያንስ፣ ቀለሙም ከቀፎው ቀለም ጎልቶ የሚወጣ መሆን አለበት። በሁለቱም ጎን ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። መጀመሪያ የስቴቱ ሁለት ፊደላት፣ ቀጥሎ ቁጥሮች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌሎች ፊደላት ይመጣሉ፤ ኤምዲ 1234 ኤቢ እንደማለት። ከመጨረሻዎቹ ፊደላት ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው አይገኙም፤ ከቁጥር ጋር እንዳይምታቱ ነው። የስቴቶቹ መለያም ሁልጊዜ ፖስታ ላይ የምናውቀው አይደለም፤ የዋሽንግተን ስቴት ጀልባ ደብሊውኤን፣ የሚሺጋን ደግሞ ኤምሲ ይላል።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ክፍተቱን ነው። በፊደላቱና በቁጥሮቹ መካከል የአንድ ፊደል ስፋት የሚያህል ባዶ ቦታ ወይም ሰረዝ መኖር አለበት፤ ልኩ እንደ 1 ካለ ቀጭን ምልክት አይወሰድም። እኛ ጀልባዋን ሜሪላንድ ስለምናቆማት የድሮውን የቨርጂኒያ ቁጥር በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅን ልጠን አነሣን፣ ሙጫውን በአልኮል ጠረግን፣ አግድም የወረቀት ፕላስተር ስበን አዲሱን ቁጥር መስመር አስይዘን ለጠፍን። በእጃችን ሥራ ኮርተን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የውሃ ፖሊስ አስቆመን፤ ሁሉንም አንድ ላይ አጣብቀነው ኖሯል። ሰውየው ጨዋ ነበር፣ «ከሩቅ ሲታይ አንድ ረጅም ቃል ነው የሚመስለው» ብሎ አስጠንቅቆን ሄደ። እንደገና የፀጉር ማድረቂያ።

ስቲከሩ ከቁጥሩ ከ6 ኢንች ሳይርቅ ይለጠፋል፤ ከፊት ይሁን ከኋላ ስቴታችሁ የሚልከው ወረቀት ይነግራችኋል። የምዝገባ ወረቀቱም ስትወጡ ጀልባው ላይ መገኘት አለበት፤ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። በአየር የሚነፋ ጀልባ ላይ ተራው ስቲከር አይይዝም፣ ፀሐይ ሲመታው ይላጣል፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ በሁለቱም ጎን ያስረዋል።

የፌዴራል ሰነድ ያለው ጀልባ ፊቱ ንጹሕ ነው። የስቴት ቁጥር አይለጥፍም፣ ከነበረም ይነሣል። ውበት የሚወዱ ሰዎች ለዚህ ብቻ ሲሉ የሚመርጡት አሉ። የኮስት ጋርዱ ቁጥር የሚጻፈው ከውስጥ፣ በግልጽ በሚታይ የቀፎው አካል ላይ፣ ኤን ኦ ከሚሉ ሁለት ፊደላት ቀጥሎ ነው፤ ቁመቱ ቢያንስ 3 ኢንች ነው። ቢነሣ ወይም ቢቀየር ወዲያው የሚያስታውቅ ሆኖ መጣበቅ ስላለበት የሚላጥ ስቲከር አይሆንም፤ ሰዎች እንጨቱ ላይ ይቀርጹታል ወይም ሰሌዳ ሠርተው በጠንካራ ማጣበቂያ ያትሙታል። ከውጭ ደግሞ የጀልባው ስምና መነሻ ወደብ አንድ ላይ፣ ከ4 ኢንች ባላነሰ ፊደል መጻፍ ግዴታ ነው፤ አብዛኛው ሰው ኋላ ላይ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ነው የኛ ሰው የሚያዝነው። ስሙ በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት። «ጣና» ብላችሁ በግዕዝ ብትጽፉ ግዴታውን አልተወጣችሁም። በላቲን ስትጽፉትም ቃሉን በስንት ዓይነት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል ታውቃላችሁ፤ ማመልከቻው ላይ የሞላችሁትና ጀልባው ላይ የምታጽፉት በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቀለም ቀቢው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ተስማሙ። ስሙ ከ33 ምልክቶች መብለጥ የለበትም፣ ስድብም አይፈቀድም፣ ባሕር ላይ ለእርዳታ ጥሪ ከሚውል ቃል ጋርም በድምፅ መመሳሰል የለበትም። ወደቡም አሜሪካ ውስጥ ያለ ቦታ ከነስቴቱ ነው፤ የግድ ጀልባው የሚቆምበት ቦታ ይሁን አይባልም፣ «ባሕር ዳር» ብሎ መጻፍ ግን አይቻልም። ስም ለመቀየርም ሰነዱን ማስቀየር ይጠይቃል። በስቴት ምዝገባ እነዚህ ሁሉ የሉም፤ ስም ካልፈለጋችሁ አትጽፉም፣ ከፈለጋችሁም በወደዳችሁት ፊደል ትጽፋላችሁ።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ የማይቀየር ሌላ ቁጥር አለ፤ የቀፎ መለያ ቁጥር ይሉታል። ከኖቬምበር 1972 ወዲህ ፋብሪካዎች እንዲያትሙት ግዴታ ሆኗል። ፊታችሁን ወደ ጀልባው አፍንጫ አድርጋችሁ ስትቆሙ በስተቀኝ፣ በኋለኛው ግድግዳ ላይኛ ጥግ ታገኙታላችሁ። 12 ምልክቶች አሉት፦ ሦስቱ የሠሪው፣ አምስቱ የተራ ቁጥር፣ ቀሪዎቹ የወርና የዓመት ናቸው። በ1984 በተስተካከለው አጻጻፍ ወሩ በፊደል ይገለጻል፣ ኤ ጃንዋሪ፣ ኤል ዲሴምበር፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። ያገለገለ ስትገዙ ጎንበስ በሉና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩት። የተፋቀ ወይም ቀለም የተደራረበበት ከሆነ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አቆዩት።

ገንዘቡ

ከክፍያው ይልቅ የሚከብደው ታክሱ ነው። ይህን ስጽፍ የመዝናኛ ጀልባ የመጀመሪያ የፌዴራል ሰነድ 133 ዶላር ነው፣ እድሳቱ በዓመት 26 ዶላር፤ እስከ 5 ዓመት አንድ ላይ መክፈል ይቻላል። የሽያጭ ውሉን ለማስመዝገብ በገጽ 8 ዶላር ይጨመራል። የስቴት ምዝገባ ክፍያም እንደ ጀልባው ርዝመት ቢለያይም ቤት የሚያፈርስ አይደለም።

ታክሱን ግን አስሉት። በ40,000 ዶላር የተገዛ ጀልባ ሜሪላንድ 5 በመቶ፣ ማለትም 2,000 ዶላር ያስከፍላል። ቨርጂኒያ 2 በመቶ ነው፣ 800 ዶላር፤ ጣሪያውም 2,000 ዶላር ነው። ልዩነቱን አይቶ «እንግዲያው ቨርጂኒያ ላስመዝግብ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የሚወስነው ግን የምትኖሩበት ቦታ ሳይሆን ጀልባው በዓመቱ ውስጥ ይበልጥ የሚንቀሳቀስበት ውሃ ነው። ቤታችሁ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ሆኖ ጀልባው ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ከታሰረ፣ ታክሱን የምትጠይቀው ሜሪላንድ ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚቆም ጀልባ ደግሞ ካውንቲው በየዓመቱ የንብረት ግብር ሊጥልበት ይችላል፤ ያኔ 2 በመቶው ርካሽ የመሰለው ሰው ሒሳቡን እንደገና ያያል።

በነገራችን ላይ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በሚዋሰኑበት የፖቶማክ ክፍል ወንዙ የሜሪላንድ ነው፤ ድንበሩ በቨርጂኒያ በኩል ያለው ዝቅተኛው የውሃ መስመር ነው። ከቨርጂኒያ ዳር ገፋ አድርጋችሁ ስትወጡ ስቴት ተሻግራችኋል ማለት ነው። ለሽርሽር መግባት ችግር የለውም፣ የአንዱ ስቴት ቁጥር ሌላው ዘንድ በጊዜያዊነት ይሠራል። ጀልባውን ጠቅልላችሁ ወደ አዲስ ስቴት ካዛወራችሁ ግን የድሮው ቁጥር የሚታወቅላችሁ ለ60 ቀን ነው። አድራሻ ስትቀይሩ ወይም ስትሸጡ ደግሞ ለመዘገባችሁ መሥሪያ ቤት በ15 ቀን ውስጥ ታሳውቃላችሁ።

የፌዴራል ሰነድ ከስቴት ታክስ ያድናል የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። ስቴቶች ቁጥር ለጥፍ ማለት አይችሉም እንጂ ታክሳቸውን ይወስዳሉ። ሜሪላንድ እንዲህ ያለው ጀልባ ላይ የራሷን ስቲከር ታስለጥፋለች። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ የፌዴራል ሰነድ ቢኖራችሁም ስቴቱ ዘንድ መመዝገባችሁ አይቀርም።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። የፌዴራል ሰነድ ባለቤቶች ስምና አድራሻ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ የእድሳት ጊዜው ሲቃረብ የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ ከግል ድርጅቶች ይመጣል፤ ንስርም ማኅተምም አለበት፣ የሚጠይቀው ግን የ26 ዶላሩን እጥፍ ድርብ ነው። አንድ ዘመዴ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ከፍሏል።

ለማን የቱ?

ከ25 ጫማ በታች ለሆነ፣ ፖቶማክና ቼሳፒክ ላይ ለሚውል ጀልባ የስቴት ምዝገባ በቂ ነው፤ ብዙ ማሰብም አያስፈልግም። የፌዴራል ሰነድ የሚያዋጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ባንክ ነው፤ ትልቅ ብድር የሚሰጥ አበዳሪ መያዣውን በፌዴራል መዝገብ ላይ ማስፈር ስለሚሻ ብዙ ጊዜ ራሱ ያስገድዳችኋል። ሌላው ጉዞ ነው፤ ባሃማስ ወይም ካናዳ ስትደርሱ የጀልባውን ዜግነት ያለ ክርክር የሚያሳይ ወረቀት መያዝ የጉምሩኩን ሥራ ያቀልላል። ሁለቱም ከሌሉ፣ ለንጹሕ ፊት ሲባል ብቻ በየጊዜው ማደስ ለኔ አይታየኝም። ከሰነዱ መውጣትም እንደ መግባቱ ማመልከቻ አለው፤ ገዢያችሁ ስቴት ላይ ማስመዝገብ ከፈለገ ያ ሳያልቅ ወረቀት አያገኝም።

ሰነድ ያላቸውም የሚዘነጉት ነገር አለ፦ ትልቁ ጀልባ ከኋላው የሚጎትታት ትንሿ ጀልባ በእናቷ ሰነድ አትሸፈንም። ሞተር ካሰራችሁባት ለብቻዋ የስቴት ታርጋ ታወጣለች።

እኛ ሜሪላንድ አስመዝግበን፣ የሦስታችንም ስም ሊብሬው ላይ ሰፍሯል። ቁጥሩ ፊቷ ላይ፣ ክፍተቱን ጠብቆ፣ ኋላዋ ላይ ደግሞ «ጣና» በትልልቁ በግዕዝ ተጽፏል። ጓደኛችን ባለፈው ወር ቃለ መሐላውን ፈጽሟል፤ አሁን እሱ ራሱ «ወደ ፌዴራሉ እንዛወር» እያለ ነው። ያኔ የፊቱ ቁጥር ይላጣል፣ ኋላዋ ላይ ባለ 4 ኢንች የላቲን ፊደል ይመጣል። ግዕዙን ወዴት እንደምናዛውረው ግን ገና አልተስማማንም፤ እኔ ጎኗ ላይ ብያለሁ።